ከጓሮ ማዶ

«ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» ይላል ተረታችን። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በየጨዋታው መካከል ጣል አድርጌውም አውቃለሁ። አቅሙን ሳያውቅ የሚፎክርን ሰው ማሸማቀቂያ ነው እንጂ ስለ ዕውር የሚናገር ነገር መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ልብ ያልኩት አንድ ዓይነ ስውር ወዳጄ «እስቲ አንድ ቅዳሜ እንጦጦ እንውጣ» ባለኝ ዕለት ነው። ከአፌ አምልጦ የወጣው ቃል፣ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ፣ «ምን ልታደርግ?» የሚል ነበርና።

ሌላ ማንም ሰው እንጦጦ እንውጣ ቢለኝ «መቼ?» ወይም «በምን?» እለው ነበር። ምን ልታደርግ አልለውም። ነፋስ መቀበል፣ ከተማውን ቁልቁል መመልከት፣ ቡና መጠጣት፣ ዝም ብሎ ሣር ላይ መቀመጥ ለእኛ በቂ ምክንያት ነው፤ እንዲያውም ምክንያት ነው ብለን አንቆጥረውም። እርሱን ግን ማስረጃ ጠየቅሁት። የጓሮውን አጥር ያጠርኩት፣ ሳላውቀው፣ በዚያች አንዲት ጥያቄ ነበር።

ወዳጄ መምህር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ሾላ አካባቢ ነው። ተራራውን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በኅዳር ከዚያ የሚወርደው ብርድ በስንት ሰዓት ጉንጩን እንደሚነካው፣ ዝናብ በዚያ በኩል ሲመጣ ሽታው እንዴት ቀድሞት እንደሚደርስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ይነግራችኋል። የቀረው ነገር ቢኖር እላዩ ላይ መቆም ብቻ ነው።

ቀጠሮ ከያዝን በኋላ ስለ ቦታው አስቀድሞ ትንሽ ለማወቅ ፈለገ። ዛሬ ብዙ ዓይነ ስውር የከተማ ሰው ስልኩን የሚያነበው በጆሮው ነው፤ ጣቱ የነካውን ሁሉ ስልኩ በድምፅ ይናገርለታል። አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ የአገር ጉብኝት የሚያስተዋውቅ፣ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተ አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ገባ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ጠቤ ከባለቤቱ ጋር አይደለም፤ ደግሞም እርሱን የሚመስሉት ብዙ ናቸው። ድምፁ ጀመረ፦ «ምስል። ምስል። ማገናኛ። ምስል። ስም የሌለው አዝራር።» ቀጥሎ አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ክምር አነበነበ፤ ካሜራው ለፎቶግራፉ የሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ከዚያ ሁሉ ፎቶግራፍ አንዱ ብቻ መግለጫ ነበረው። «ዕፁብ ድንቅ ውበት» ይላል። ወዳጄ ሳቀ። «እንጦጦ ማለት በቃ ይኼ ነው?» አለኝ።

እኔ የማየው ሌላ ነበር። ጉም የለበሰ ሸንተረር፣ በዛፎች መካከል ብቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ፈረስ ላይ ተቀምጣ የምትስቅ ልጅ። የመግቢያው ሰዓትና ዋጋ ሳይቀር ባማረ የአማርኛ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ግን የተጻፈው ፎቶግራፍ ውስጥ ነው። ፎቶግራፍ ውስጥ የገባ ፊደል ደግሞ ለስልኩ ፊደል አይደለም፤ ቀለም ነው። ይህን ባስረዳው ጊዜ «ፊደላችንን መልሳችሁ ሥዕል አደረጋችሁት በለኛ» አለኝ።

ይህ አነጋገሩ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደሎቹ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ እንደነበረ በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ላይ የጻፈ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዛሬ «ሀ» የትም አገር «ሀ» ነው፤ ሊፈለግ፣ ሊገለበጥ፣ በድምፅ ሊነበብ ይችላል። ያ ሁሉ ተለፍቶበት የተገኘ ነገር ነው። እኛ ታዲያ ማስታወቂያውንም፣ የስብሰባ ጥሪውንም፣ የጉብኝት መረጃውንም በፎቶግራፍ ላይ አሳምረን እየጻፍን እንለጥፈዋለን። ዓይን ላለው ልዩነቱ አይታወቅም። ዓይን ለሌለው ግን የተቆለፈ በር ነው፤ ያውም ቁልፉ በእጃችን እያለ።

ወዳጄ «ምን ልታደርግ?» ስለው አልተቆጣም ነበር። «እንጦጦ አንድ ጊዜ ወጥቻለሁ» አለኝ። «የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ አጎቴ በጀርባው አዝሎ ለጸበል አወጣኝ። ያኔ ግን ምን ልታደርግ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንጦጦ የአካል ጉዳተኛ እግር ያልረገጠው ተራራ አይደለም። እንዲያውም በአዲስ አበባ ዙሪያ አካል ጉዳተኞችንና ሕሙማንን እንደ እርሱ የተቀበለ ሥፍራ ያለ አይመስለኝም። ልጅ በጀርባ፣ ሽባ በቃሬዛ፣ ዓይነ ስውር በመሪ ወጥቶበታል። በ1990ዎቹ በኤች አይ ቪ የታመሙ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በእንጦጦ ማርያም ጸበል አካባቢ ቤት እየተከራዩ ከርመውበታል። ዳገቱ ያው ዳገት ነበር። መንገዱ ከዛሬው የከፋ ነበር። ያም ሆኖ ተራራው ሩቅ ነው ያለ፣ ይህ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ያለ አልነበረም። ወገን ይሸከማል፣ መንገደኛ ያግዛል፣ ያልተዛመደ ሰው ውኃ ያቀብላል። ይህን የምለው ጸበሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያን ሸክም የተሸከመ ጀርባ መከበር አለበት። የምለው ሌላ ነው። መተባበሩን እናውቅበታለን፤ የምናውቅበት ግን ሰውዬው ለመዳን ሲመጣ ነው። ለመደሰት ሲመጣ ተራራው በአንድ ጊዜ ዳገት ይሆንብናል።

አካል ጉዳተኛ በአገራችን ከቤቱ ወጥቶ እንዲታይ የምንፈቅድለት በይለፍ ወረቀት ነው። አንዱ ወረቀት ሕመም ነው፤ ሌላው ልመና፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢቀመጥ ማንም ለምን መጣህ አይለውም። ሦስተኛም አለ፤ ትምህርት። ዓይነ ስውራን የአብነት ተማሪዎች ዳዊቱን በቃላቸው ይዘው፣ ቅኔ ሊቆጥሩ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው አገር ሲያቋርጡ ኖረዋል፤ ተረቱ እነርሱን አያውቃቸውም መሰለኝ። በእኛ ዘመን ደግሞ ወሎ ሳይንት ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ ድረስ ሄዳ የተማረችው የትነበርሽ ንጉሤ የሕግ ባለሙያ ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ የሆነችበት የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና የልማት ማዕከል በአዲስ አበባ ለአካል ጉዳተኛ የሚመቹ ሆቴሎችና የአገልግሎት መስጫዎች የት የት እንደሚገኙ የሚያሳይ መምሪያ እስከ ማሳተም ደርሷል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን ለሽርሽር የሚሆን ይለፍ ወረቀት እስከ ዛሬ አልታተመም። ለመታከም፣ ለመለመን፣ ለመማር፤ ሁሉም «ለ» አለበት። ያለ «ለ» መሄድ የዓይናሞች መብት ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን። ጄምስ ሆልማን የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን በ25 ዓመቱ ዓይኑ ጠፋ። በዘመኑ አንድ የታወረ መኮንን ጡረታውን እየበላ ቢቀመጥ የሚፈረድበት አልነበረም። እርሱ ግን ብትሩን ይዞ፣ የብትሩን ድምፅ ማስተጋባት እያዳመጠ መንገድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ሩሲያን አቋርጦ ሳይቤሪያ ውስጥ ኢርኩትስክ ደረሰ። ዓለምን ለመዞር አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከዛሩ ዘንድ ትእዛዝ መጣና በአጀብ ወደ ድንበር ተመለሰ። ሰላይ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ የማያይ ሰው ሰላይ ሊሆን ይችላል ብሎ ማመን ለደስታው ይጓዛል ብሎ ከማመን ቀለላቸው! ሆልማን ግን አልተቀመጠም። ኋላ በሌላ አቅጣጫ ዓለምን ዞሮ የጉዞ መጻሕፍት አሳተመ። የዘመኑ አንባቢዎችም ጥያቄ ያው የእኔው ጥያቄ ነበር፦ ሳያይ ምን ሊነግረን ነው?

ይህን ጥያቄ ለወዳጄ አነሣሁለት፤ አሁን እንኳ ለክርክር ያህል ነው። አንተ እንጦጦ ብትወጣ የምታገኘው የሌላ ሰው ወሬ አይደለምን? ገጹ ላይ የሚጻፍልህ የፎቶግራፍ መግለጫስ ከወሬ በምን ይለያል? አልኩት። «አንተ ዓድዋ ላይ ነበርክ?» ብሎ መለሰልኝ። «ላሊበላንስ ካየህ ስንት ዓመትህ ነው? ሳታየው በፊት አትወደውም ነበር?» እውነቱን ነው። ዓይን አለኝ የምል ሰው ከማውቀው ነገር ስንቱን ነው በዓይኔ ያየሁት? አገሬ የምለው ነገር አብዛኛው ሰው የነገረኝ ነው። በደንብ ስለ ነገሩኝ ያየሁት ይመስለኛል። ጉዳዩ እንግዲህ ማየትና አለማየት ሳይሆን በደንብ መነገርና አለመነገር ነው ማለት ነው።

ከዚህ የከበደውን ክርክር ያመጣብኝ ሌላ ሰው ነው። የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ቡና ላይ ሳጫውተው «ወንድሜ፣ አካል ጉዳተኛው መጀመሪያ የሚበላውን ይፈልጋል፤ ትምህርት ይፈልጋል፤ ሥራ ይፈልጋል። አንተ ስለ ሽርሽር ታወራለህ!» አለኝ። አንገቴን ነው ያስደፋኝ፤ ምክንያቱም ያለው ነገር ሐሰት የለበትም። ክራንች መግዛት ላቃተው ሰው የድረ ገጽ ነገር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ክርክሩ አንድ ነገር ጎደለው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ፈረሱም፣ የብስክሌት መንገዱም፣ ቡና ቤቱም የተሠሩት የአገሩ ረሃብ ሁሉ ካለቀ በኋላ አልነበረም። እኔና ይህ ወዳጄ ልጆቻችንን ይዘን ስንወጣ መጀመሪያ ዳቦ ለሁሉ ይዳረስ ብለን ከደጅ አልተመለስንም። ሽርሽር ቅንጦት ከሆነ ለሁላችንም ቅንጦት ነው። ለእኛ ሲሆን ዕረፍት፣ ለእነርሱ ሲሆን ቅንጦት የሚሆን ከሆነ ግን ስለ ሽርሽር ሳይሆን ስለ ሰዎቹ አንድ ነገር እየተናገርን ነው። ሆድ ብቻ ናቸው እያልን ነው።

ሕጉም ቢሆን ቀስ እያለ ከዚህ አስተሳሰብ ሲወጣ ይታያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። ቃሉ የእንክብካቤ ቃል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ፤ መፀዳጃ ቤቱን እንኳ አልረሳም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን ከዚያም ይሄዳል። በአንቀጽ 9 መረጃ ለሁሉ ተደራሽ ይሁን ይልና በአንቀጽ 30 ስለ ባህል፣ ስለ መዝናኛ፣ ስለ ስፖርት፣ በግልጽም ስለ ቱሪዝም አገልግሎት ይናገራል። ለጽድቅ አይደለም፣ ከሌሎች ጋር በእኩልነት ነው የሚለው። ወረቀት ወረቀት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል፤ አልከራከረውም። እኔን የገረመኝ አገራችን ፈርማ የተቀበለችው ወረቀት ከእኔ አፍ የወጣውን «ምን ልታደርግ?» ቀድሞ መመለሱ ነው።

ደግሞም ተራራውና ከተማው ራሳቸው የሚመሰክሩት ነገር አለ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ዋና ከተማቸው ግን እዚያ አልቀረም። እንጦጦ ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ማገዶው አልቋል፤ መኳንንቱና እቴጌይቱ ወደ ፍል ውኃ እየወረዱ መታጠብና መሰንበት ወደዱ። ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከታች ቤት አሠርተው ለሥፍራው አዲስ አበባ የሚል ስም አወጡለት፤ መንግሥቱም ቀስ በቀስ ተከተለ። ማገዶ ሲያጥር ደግሞ በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ ባሕር ዛፍ መጥቶ ተተከለ። ነገሩን እንዲህ ብንመለከተው ምን ይመስላችኋል? አዲስ አበባ የተቆረቆረችው የሰው ገላ ብርዱን ስላልቻለው ነው። ተራራው ለገላ አልመች ሲል ገላው ይቻለው አልተባለም፤ ከተማው ወረደ፣ ዛፍ ከሌላ ክፍለ ዓለም መጣ። ለተከበረ ሰው ገላ አገር ይንቀሳቀሳል። ለወዳጄ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከፎቶግራፍ ሥር ማስቀመጥ ወጪ ይባላል።

በዚያው ሸንተረር ላይ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ የእያንዳንዳቸው መስተዋት አንድ ሜትር ስፋት አለው። የተተከሉት የእኛ ዓይን ስለማይበቃ ነው። ይህን ያስታወሰኝ ወዳጄ ነው፤ «እናንተም ለካ መሪ ትፈልጋላችሁ» ብሎ።

አሁን ወደ ገጹ ልመለስ። የጉብኝት ገጾቻችን የሚናገሩት በሙገሳ ቋንቋ ነው። ከሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የፖስተር ዘመን ጀምሮ ሥራው አገርን ማሞገስ ነው፤ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን የመሰለ መፈክርም የተገኘው ከዚያው ነው፤ ይህ ነውር የለበትም። እንዲያውም ፀሐይ ዓይነ ስውሩም በቆዳው የሚያውቃት ስለሆነች መፈክሩ ከሥዕሉ የበለጠ ለሁሉ ደርሷል ማለት ይቻላል። አካል ጉዳተኛ መንገደኛ ግን ሙገሳ አይበቃውም። ልክ ይፈልጋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው ስንት ደረጃ አለ፣ በሩ ምን ያህል ይሰፋል፣ መንገዱ ጠጠር ነው ወይስ አስፋልት፣ መፀዳጃ ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ይዞራል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መስማት የተሳነው ሰው የተለቀቀው ፊልም የሚለው ነገር ከሥሩ በጽሑፍ አለ ወይ ይላል። ጆሮው የሚያነብለት ሰው ፎቶግራፉ የምን እንደሆነ ንገሩኝ ይላል። አንዳቸውም «ዕፁብ ድንቅ» የሚለውን ቃል አልጠየቁም። ይህ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ገጹን የሚሠራው ሰው አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያዳምጠው ግማሹን ጉድለት ያገኘዋል።

ገንዘብ አይጠይቅም ስል ግን ሌላ ነገር አይጠይቅም ማለቴ አይደለም። እውነት መናገር ይጠይቃል፤ እርሱ ነው የሚከብደው። ከየካ ሚካኤል በላይ ተራራው ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን እናንሳ። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የተደረመሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። በትውፊት የአብርሃና አጽብሓ ሥራ ነው ይባላል፤ ተመራማሪዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ይህን ሥፍራ ማንም በተሽከርካሪ ወንበር መግቢያ ሊያስጌጠው አይችልም፤ ቢሞክርም ቅርሱን ያበላሻል። ታዲያ ገጹ ምን ይበል? «ለሁሉም ምቹ» ቢል ዋሽቷል፤ ዝም ቢል ሰውዬውን እዳገቱ ሥር አድርሶ ይመልሰዋል። «መንገዱ ዳገትና ድንጋያማ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ብቻውን የሚደርስ አይኖርም፤ ይህን ያህል ሰው ቢያግዝ እስከዚህ ድረስ ይኬዳል» ቢል ግን ሰውን እንደ ሰው ቆጥሮታል። መሄዱንና መቅረቱን ራሱ ይወስናል። አይቻልም የሚለውን ቃል በአክብሮት መናገር እንደሚቻል ያወቅሁት ይህን ሳስብ ነው። ማግለል የሚሆነው መንገዱ አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ መኖር አለመኖሩን እንድታውቅ የማይገባህ ሰው ሆኖ መቆጠርም ነው።

ከተማው ውስጥ እንኳ የዚህን ተቃራኒ አይተናል። ሰሞኑን በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ለዓይነ ስውራን የሚሆን፣ በብትር የሚታወቅ ወጣ ያለ ንጣፍ ተነጥፏል። ወዳጄ በጣም ተደስቶበታል፤ በብትሩ እየተከተለው ሲሄድ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ንጣፉን አምኖ ሄዶ ሄዶ ከአንድ ምሰሶ ጋር ተላተመ። «ንጣፍ በሌለበት ተጠንቅቄ እሄድ ነበር» አለኝ ግንባሩን እያሻሸ። «ያመንኩት ነው የመታኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወጣን። ዳገቱ ላይ መስኮቱን አስከፈተ። ከላይ አንዲት ሴት የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ የጭነቱ ጫፍ አስፋልቱን ሲጠርግ ሰማና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እሷ እንጦጦን ስንት ጊዜ ጎብኝታለች ይባላል?» አለ። ሹፌሩ ሳቀ፤ እኔ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ከላይ አንድ ገላጣ ቦታ ላይ ቆምን። «በል ንገረኝ» አለኝ። እኔም «በጣም ያምራል» አልኩት፤ በእግዜር እምላለሁ፣ ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነው። «እሱንማ ድረ ገጹም ነግሮኛል» አለኝ። እንደገና ጀመርኩ። ከተማው እንደ ተዘረጋ ሰሌን ነው፣ ጫፉ አይታይም፣ ሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል፤ ከሁሉ ረዝሞ የሚታየው የንግድ ባንክ ሕንፃ ነው አልኩት። «ምን ያክላል?» አለ። እጄን ዘርግቼ በአንድ ዓይኔ ለካሁት። የአውራ ጣቴን ጥፍር ያክላል አልኩት። ወዳጄ አውራ ጣቱን ወደ ፊቱ አቅርቦ በሌላው እጁ ጥፍሩን ዳበሰና ብዙ ጊዜ ዝም አለ። «ያን የሚያህል ሕንፃ!» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ተራው የእርሱ ሆነ። ከተማው ከዚህ ሲሰማ እንደ ወፍጮ ቤት ነው አለኝ፤ ከሩቅ፣ ያለ ማቋረጥ የሚፈጭ። በስተቀኝ ያለው ዛፍ ባሕር ዛፍ አይደለም፣ ነፋሱ በሌላ ድምፅ ነው የሚያልፍበት አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ጽድ ነበር። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ቢያንስ አምስት ጊዜ ቆሜአለሁ፤ ጽድ እንዳለ አላውቅም ነበር።

በኋላ ብርዱ በረታብንና አንድ ቡና ቤት ገባን። ስንወጣ ክንዴን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረ ነበር። «ሰባት» አለኝ መሬት ሲረግጥ፤ «መደገፊያ የለውም። ሦስተኛው ጠርዙ ተሰብሯል። ትጽፋለህ አይደል? በል እሱን ጻፍ።»